ጠያቂው ሲቀመጥ

ይመር የወይዘሮ መዲናን ጥላ በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ ከደረጃው ግርጌ አቆማትና ጉልበቷ ሲታጠፍ የሚያሰማውን ድምፅ ለመለየት ጆሮውን ወደ ገበታው አስጠጋ። ጥላዋ አንድ እርከን ወጣች። ሌላም ደገመች። ገበታው የሚያሳየው የጨረቃን ኑሮ ነው፤ ጨረቃ ላይ ሰው ቀላል ነውና በወጣች ቁጥር ነጠላዋ ከትከሻዋ ላይ እንደ ላባ እየተነሳ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር።

«የመጀመሪያው ዓመት ጉልበት፣ ደህና፤» አለ ይመር ለራሱ።

ጥላ ማለት የአንድ ሰው ደም፣ አጥንት፣ አረማመድ፣ ድምፅና ጠባይ በብርሃን ተቀድቶ፣ ስንዝር የምታህል ግልባጭ ሆኖ ገበታ ላይ የሚቆም ነው። ባለቤቱ ገና ያልኖረውን ዘመን ቀድሞ ይኖርለታል። ዓመቱን በአንድ ብርጭቆ ሻይ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ የሚታመመውን ታምሞ፣ የሚሰበረውን ተሰብሮ ያሳያል። የዋስትና አቃጅ ሥራ ያንን እያዩ ለተጓዡ የትኛው ሕክምና፣ የትኛው መድኃኒት፣ የትኛው አልጋ አስቀድሞ እንደሚያዝለት መወሰን ነው። ይመር ይህን ሥራ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ መሻገሪያ በተባለው የተጓዦች ጤና ዋስትና ቢሮ ይሠራል።

ከገበታው ወዲያኛው ጎን እውነተኛዋ ወይዘሮ መዲና ተቀምጠው ጥንቅሽ ይልጡ ነበር።

«ብላ እንጂ፤» አሉት አንድ ቁራጭ እየዘረጉለት። «ከመስኖዬ ዳር የበቀለ ነው። ጨረቃ ላይ የለም አሉ።»

«ሥራ ላይ ነኝ እትዬ መዲና።»

«እጅህ እንጂ ጥርስህ መች ሥራ ያዘ?»

ይመር አፈረ፤ ተቀብሎም ጫፉን ብቻ ነከሰ።

ወይዘሮ መዲና በቦርከና ዳር ያለውን የአትክልት መስኖ የሚቆጣጠሩ ሴት ናቸው። ከቀዬአቸው ርቀው አያውቁም። አንዲት ልጃቸው ራሕማ ግን ማዶ ናት። ማዶ በጨረቃ ምድር ስር የተቆፈረችው ከተማ ናት፤ የመዝገብ ስሟ ረጅምና ቁጥር የበዛበት ስለሆነ ኮምቦልቻዎች እንዲሁ ማዶ ይሏታል። ራሕማ እዚያ የአየር ማጣሪያ ትጠግናለች። አሁን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ እናቷም ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። ሕፃኑ ድክ ድክ እስኪልና አፉን እስኪፈታ ቆይተው ወደ መስኖአቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ ዕቅዱ ሦስት ክፍል አለው፤ መሄጃ፣ መኖሪያ፣ መመለሻ። መመለሻው ያልተዘጋለት ሰው መርከብ ላይ አይወጣም። ደንቡ ሳይወጣ በፊት ስንቱ በጤናው ሄዶ፣ አጥንቱ ሳስቶ፣ የምድርን ክብደት መሸከም አቅቶት እዚያው ቀርቷል። መርከቡ የሚነሳው ነገ ከሰዓት በኋላ ነበር። ቀጣዩ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ የራሕማ ልጅ ደግሞ ጥምቀትን አይጠብቅም።

ሁለተኛው ዓመት ላይ ጥላዋ ሳለች።

ይመርን አላሰጋውም። ሳል ዋስትናው ውስጥ አለ፤ ትናገራለች፣ መድኃኒቱ ይመጣላታል። ጥላዋ ግን እየሳለች ሻይ አፈላች፤ እየሳለች ልጅ አዘለች፤ እየሳለች አልጋዋ ላይ ጋደም አለችና ሳትነሳ ቀረች። ገበታው ቀላ።

ወይዘሮ መዲና ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ምን ሆና ነው የምትተኛው? ተነሺ በላት እንጂ! ልጁን ማን ይይዛል?»

ሰው የራሱ ጥላ ሲወድቅ ሲያይ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ያለቅሳል። ስለ ልጁ የጠየቀ ግን ይመርን አጋጥሞት አያውቅም።

እንደገና አስጀመራት። አሁን ሳሉ አልመጣም፤ የመንጋጋ ጥርሷ አበጠ፤ እብጠቱ ወደ ጉሮሮዋ ወረደ፤ ገበታው ቀላ። ደግሞ አስጀመራት። የተሰበረ ብርጭቆ ጣቷን ቆረጣት፤ ቁስሉ አመረቀዘ፤ ገበታው ቀላ። ማዶ ያለ ሐኪም ከእነዚህ አንዱን ለማዳን ከመቀመጫው እንኳ አይነሳም፤ ጥላዋ ግን በየዓይነቱ ወደቀች። በመጨረሻ ገበታው የሚለውን አለ። «አይታቀድም።»

የቢሮው ኃላፊ ጋሽ ደርቤ ቀይ ብርሃኑን ከበር አይተው ገቡ። ወፍራም፣ ራሰ በራና ቀልድ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው።

«ጥላዋ ተበላሽታ ይሆናል። እንደገና ቅዳት፤» አሉ።

«ቀድቻታለሁ።»

«እንግዲያስ እኔ ምን እላለሁ? ገበታው አይታቀድም ካለ የእኔ ፊርማ አይበልጠው።»

«አቶ ደርቤ፣» አሉ ወይዘሮ መዲና፣ «ልጄ ብቻዋን ትውለድ ነው የሚሉት?»

«ኧረ እኔ አላልኩም እትዬ መዲና፤ ገበታው ነው ያለው።»

«ገበታው ወልዶ ያውቃል?»

ጋሽ ደርቤ ጭንቅላታቸውን አሻሹ። «እስከ ነገ ረፋድ ፈልግ፤» አሉት ይመርን። «ምክንያቱን ካገኘህ እፈርማለሁ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ እንጂ ከክፍሉ አልወጡም።

ይመር ጥላዋን ወደ ሳሉ ሰሞን መለሳትና አቃጆች የማያደርጉትን አደረገ፤ ጊዜውን በእውነተኛ ፍጥነቱ ለቀቀው።

ጠዋት ነው። የክፍሏ ግድግዳ ላይ ጠያቂው በራ። ጠያቂ የሚባለው ማዶ ባለ ክፍል ሁሉ የተተከለ፣ በየማለዳው ስለ ጤና የሚጠይቅ ባለ ድምፅ መሣሪያ ነው። ሰው በአልጋውና በወንበሩ ሳይቀር እየተለካ ገመና ያጣበት ዘመን ስለነበር፣ የማዶ ሰዎች ከተማቸውን ሲቆፍሩ አንድ ሕግ አወጡ፤ የማንም አካል ያለ ባለቤቱ ቃል አይመረመርም። ሕክምናው ቅርብ ነው፣ ሙሉም ነው፤ የሚከፈተው ግን በራስ አፍ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ መዲና? የሚያምዎ ነገር አለ?» አለ ጠያቂው።

ጥላዋ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳለች። ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለች። «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ እንዴት አደርክ?»

«አመሰግናለሁ። መልካም ቀን።» ጠያቂው ጠፋ።

ይመር ወደ እውነተኛዋ ዞረ። «እትዬ መዲና፣ ለምን ዋሹት?»

«እኔ? ወላሂ አልዋሸሁም! ሰላምታ ነው የመለስኩለት። ሰው ከበር ላይ ቆሞ እንዴት ነህ ሲልህ ሳንባህን አውጥተህ ታሳየዋለህ? ሳይቀመጥ? ውሃ እንኳ ሳይቀምስ?»

«ማሽን ነው እኮ፤ አይቀመጥም።»

«እንግዲያው ባለጌ ነው፤» አሉ ወይዘሮ መዲና ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ደግሞስ ብነግረው ለራሕማ ሊያቃጥርብኝ አይደል? ልጅ የታቀፈች ሴት እናቴ ታመመች ብላ ወተቷ ይድረቅ?»

ጋሽ ደርቤ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ።

ይመር ነገሩ ቀላል መሰለው። «እንግዲያው ይማሉልኝ፤ ሲጠይቅዎ እውነቱን ይነግሩታል።»

«ወላሂ እነግረዋለሁ።»

ጥላዋን ከመሐላቸው ጋር እንደገና ቀዳት። ሁለተኛው ዓመት ደረሰ፤ ሳሉ መጣ፤ ጠያቂው በራ። ጥላዋ ደረቷን ይዛ ተንፏቀቀች፤ ወደ ግድግዳውም ቀና አለች።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ?»

«አንቺ!» አሉ ወይዘሮ መዲና ገበታውን በጣታቸው እየኮረኮሙ። «አሁን ምለሽ የለም እንዴ? አዋረድሽኝ!»

መሐላ ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ ጠባይ ግን ከዚያ በታች ነው። ይመር ጥላዋን አቁሞ አንገቱን ደፋ። በመስኮቱ ከቦርከና ሜዳ ላይ ነገ የሚነሳው መርከብ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ይታያል፤ ጫኞች እንደ ጉንዳን ይወጡበታል፣ ይወርዱበታል። ወይዘሮ መዲና ወደ ጥንቅሻቸው ተመለሱ።

«አንተስ ልጄ፣ እንዴት ነህ?» አሉ ወይዘሮ መዲና።

«ደህና ነኝ።»

«እናትህስ?»

«ደህና ናት። ሐይቅ ናት፣ ከታላቅ እህቴ ጋር።»

«ሐይቅ ዘንድሮ ደህና ጣለላቸው?»

«ጥሏል አሉ። ማሽላው አምሮበታል።»

«እሰይ። አንተ ቤት ማን ያበስልልሃል?»

«እኔው ነኝ። አንዳንዴ።»

«አንዳንዴ፤» አሉ ወይዘሮ መዲና። ሌላ ምንም አልጨመሩም። አላዩትምም፤ ዓይናቸው ጥንቅሹ ላይ ነው። አንዱን አንጓ ጨርሰው ሌላውን ጀመሩ። ዝምታው አያስጨንቅም፤ የዛፍ ጥላ ስር እንደመቀመጥ ነበር።

«ሆዴን ያቃጥለኛል፤» አለ ይመር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱም እንደ እንግዳ ሰማው። «ከክረምት ጀምሮ። ስበላ ይብስብኛል።»

«ለሐኪም ነግረሃል?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«የጤና ዋስትና ቢሮ ውስጥ እየሠራህ!» ወይዘሮ መዲና ጥንቅሹን ጥለው ሳቁ፤ ይመርም ከእሳቸው ጋር ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ቀና አለ።

«እትዬ መዲና፣ አሁን ምን አደረጉኝ?»

«ምን አደረግሁህ? ጠየቅሁህ።»

«መጀመሪያም ጠይቀውኝ ነበር። ደህና ነኝ አልኩዎት።»

«እሱማ የበር ላይ ነው፤» አሉ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው። «ጥያቄ የሚጀመረው ከተቀመጡ በኋላ ነው።»

ይመር ከወንበሩ ተነሳ። ዓይን አፋር ሰው ነው፤ በዚያ ቅጽበት ግን ጮኸ። «ጋሽ ደርቤ! ለተጓዥ የሚስማማ ጠያቂ የማዘዝ መብት አለን አይደል?»

«ለማይሰማ በብርሃን የሚጠይቅ፣ ለማያይ በንዝረት የሚጠይቅ፣ አዎ። የአካል ጉዳት ላለበት ነው።» ጋሽ ደርቤ ወይዘሮ መዲናን አዩአቸው። «እሳቸውን ምን ጉዳት አለባቸው ልንል ነው? ይሉኝታ?»

«እንደዚያ ይበሉ።»

«ይሁን ግዴለም፤ ማሽን ሲያወጋ አይቼ ልሙት።»

የማዶው ጠያቂ ግልባጭ ገበታው ውስጥ ነበር፤ ይመር ከፍቶ ይሠራው ጀመር። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ጠያቂው ስለ ልጁ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እንቅልፏ አከታትሎ ጠየቀ፤ ጥላዋም ፊቷን አጠቆረች።

«ይሄ ፖሊስ ነው፤» አሉ ወይዘሮ መዲና። «ምን ሰረቅሁ?»

ሁለተኛው ደግሞ ጣፋጭ ሆነ፤ ነጠላዋን አሞገሰ፣ ፈገግታዋን አሞገሰ።

«ይሄ ደግሞ ሻጭ ነው። ኪሴን ያዝ።»

ይመር ልጣጩን ገፋ አድርጎ ሲያስብ ቆየ። ከዚያ የጠያቂውን ድምፅ ከግድግዳው አናት አውርዶ በበርጩማ ቁመት ላይ አኖረው። ብርሃኑን አደብዝዞ ወደ ጎን መለሰው፤ ሰው ፊት ላይ እንዳያፈጥ። ስለ ራሱ ትንሽ እንዲናገር አደረገው፤ ዛሬ የሰሜኑ ማጣሪያ ሲንጫጫ ማደሩን፣ አትክልት ቤቱ ውስጥ ቲማቲም መቅላቱን። በመጨረሻም ለመሣሪያ የማይሰጠውን ሰጠው፤ ከጥያቄ በኋላ ሳይጠፋ ዝም ብሎ መቆየትን።

ጊዜው በእውነተኛ ፍጥነቱ ሄደ። ጥላዋ እየሳለች ተነሳች።

«እንደምን አደሩ እትዬ መዲና?» አለ ድምፁ ከበርጩማው ቁመት።

«አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኔም ደህና። ትንሹስ ሌሊት አስተኛችሁ?»

«ኧረ እሱ የት ያስተኛል! አያቱን ነው የወጣው።»

«የቦርከናው መስኖስ ምን ወሬ አለ?»

«ሞልቷል አሉኝ። ጎመኑን ውሃ እንዳያበዙበት ብያለሁ፣ እኔ ከሌለሁ አይሰሙም።»

ጠያቂው ዝም አለ። ጥላዋ የሕፃኑን ጨርቅ አጠፈች። አንዱን አጥፋ ሌላውን አነሳች። ጋሽ ደርቤ ወደ ገበታው ጎንበስ አሉ።

«ይቺ ሳል ግን፤» አለች ጥላዋ ጨርቁን እያየች፣ «ሌሊት ሌሊት እምቢ ብላኛለች። ለራሕማ እንዳትነግራት።»

«ለእርስዎና ለሐኪሙ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ይምጣ።»

ገበታው አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ይመር ጊዜውን አፈጠነው፤ ዓመታቱ እንደ ጅረት ነጎዱ። ጥርሱ ቢያብጥ ተነገረ፣ ታከመ። ጣቱ ቢቆረጥ ተነገረ። የጉልበቷ መሳሳት በጊዜ ተነግሮ አጥንቷ ማጠንከሪያ አገኘ። ሕፃኑ ዳኸ፣ ቆመ፣ ሮጠ። ከዚያ የመመለሻው መርከብ ወረደና በሩ ተከፈተ። ጥላዋ በምድር ክብደት ተንገዳገደች፤ የበሩን ጠርዝ ያዘች፤ ነጠላዋ አሁን እንደ ላባ አልተነሳም፤ ትከሻዋ ላይ ከብዶ ተኛ። አንድ እግሯን አወረደች። ሌላውን አስከተለች። የኮምቦልቻን አፈር ረገጠችና ጉልበቷን መታ መታ አድርጋ ወደ መስኖዋ አቅጣጫ ሄደች።

ወይዘሮ መዲና እልልታውን አቀለጡት። ከጎረቤት ክፍሎች ሰዎች ብቅ አሉ። «ማን ወለደ?» አለ አንዱ።

«ልጄ ልትወልድ ነው!» አሉ ወይዘሮ መዲና። «አያቱ ደግሞ መሄዷ ነው!»

ጋሽ ደርቤ ፈረሙ። ፈርመው ግን አልሄዱም። ብዕሩን እንደያዙ ገበታውን ሲያዩ ቆዩ።

«ይመር፣ ያ ለሙከራ የተፈቀደልን የጥላ ስብስብ አለ አይደል? ከየአገሩ የተቀዳው?»

«አለ፤ ሁሉም ገበታው ያሳለፋቸው ናቸው፤ ጤነኞች።»

«እስቲ ይህን ተቀማጭ ጠያቂህን አሳያቸው።»

ይመር ወይዘሮ መዲናን እያየ የሠራው የወሎን ሰው ጠባይ ነበር። ስለ መስኖው የሚለውን ትቶ ለእያንዳንዱ ጥላ ስለየራሱ አገር እንዲያወጋ አደረገና ለቀቀው። መጀመሪያ በሰሜን ባሕር ላይ ዕድሜውን የፈጀ መርከበኛ ተነሳ። ለድሮው ጠያቂ በየጠዋቱ «ሥራ አለብኝ» ብቻ ይል ነበር። አዲሱ ስለ ማዕበል አወጋው፤ ዝም አለለት፤ መርከበኛውም ደረቱ ላይ አንዳንዴ ድንጋይ እንደሚቀመጥበት ተናገረ። ከታላላቅ ከተሞች በአንዱ ያደገች መሐንዲስ ተከተለች። እሷ ስትጠየቅ የምትቆጣ ነበረች፤ ቁጣዋ ካለፈ በኋላ እንቅልፍ ካጣች መሰንበቷን አወራች። ሌላው እያጨበጨበ «ከእኔ በላይ ጤነኛ!» የሚል ፎካሪ ነው፤ ፉከራውን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ወገቡ ተናገረ። አንዱ በሥራ፣ አንዷ በቁጣ፣ አንዱ በፉከራ፤ በር ላይ እውነቱን የሚናገር ግን ከመካከላቸው አንድም አልተገኘም።

«እኔ ደግሞ የእኛ ሰው ችግር መስሎኝ ነበር፤» አለ ይመር ቀስ ብሎ።

ጋሽ ደርቤ የራሳቸውን ጥላ አምጥተው ገበታው ላይ አቆሙ። ትንሹ ደርቤ ለድሮው ጠያቂ ቀለደ፤ ለአዲሱም ቀለደ፤ ሁለተኛም ቀለደ። አዲሱ ጠያቂ በቀልዱ ሳቀና ዝም ብሎ ጠበቀ። ትንሹ ደርቤ ጭንቅላቱን አሻሸ። «የግራ ጆሮዬ ከሰማ ቆየ፤» አለ።

ትልቁ ደርቤ ቀልድ ፈለጉ፤ አላገኙም።

«አብሽር አቶ ደርቤ፤» አሉ ወይዘሮ መዲና፣ በሰውየው ቀኝ ጎን በኩል ዞረው ወንበራቸውን እየሳቡ። «ቀኙ ለወሬ ይበቃል።»

ያኔ ጋሽ ደርቤ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። «በዓለም ላይ የማይቸኩል አንድ ፍጡር ነበረን፤» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ማሽን። አይርበው፣ አይመሽበት፣ ቀጠሮ የለው። መቸኮልን ያስተማርነው እኛ ነን።» ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሳትወርድ የይመርን ጠያቂ ለማዶ ሰዎች ላኩላቸው፤ ለአንዲት ክፍል ሳይሆን ለሁሉም ክፍል እንዲሞከር።

በማግስቱ ረፋድ ወይዘሮ መዲና ቅቤና የገንፎ ዱቄት የሞላ ሻንጣ ጎትተው ቢሮው ደረሱ። ይመር ዕቅዱን ጨርሶ ነበር። መሄጃ፣ መኖሪያና መመለሻው ታትሞ የሚወጣው ሽምብራ በምታክል የልብስ ቁልፍ ላይ ነው፤ ተጓዡ ልብሱ ላይ ሰፍቶ ይዞት ይሄዳል።

«አንተው ስፋልኝ፤» አሉ እጅጌአቸውን ዘርግተው። «ዓይኔ መርፌ ላይ ክር ማሾለክ ትቷል።»

ሳይጠይቃቸው ነበር የነገሩት። ይመር ከመሳቢያው መርፌ አወጣና ክሩን አሾለከ።

«ሐኪም ቤትስ?» አሉት እየሰፋ ሳለ።

«ለከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዣለሁ።»

«መርከቡ ሲነሳ ልታየኝ አትመጣም ማለት ነው።»

«አልመጣም።»

«እሰይ፤ የእኔ ልጅ።»

ይመር ቁልፉን ከእጅጌው ውስጠኛ ጥግ ላይ አራት ጊዜ አመላልሶ ሰፋው፤ እንዳይላላም ክሩን ጠምጥሞ ቋጠረው። ጎንበስ ብሎ ትርፉን ክር በጥርሱ በጠሰ። ወይዘሮ መዲና ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ጎተት አድርገው ሞከሩት፤ ጠንክሯል። ይመር መርፌውን ከክር ጥቅሉ ላይ ሰክቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠና ዘጋው።